ስለሚገትርና ስለሚፈናጠር እግር፣ ስለ ንዝረት ሕክምናም



ስግድ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ መስገድ ነው። ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው ሰው በዚህ ቀን ያዝናል። ስለዚህ ዛሬ በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ ሕብለ ሰረሰራቸው ስለተጎዳ ወገኖች እናገራለሁ።

ሕብለ ሰረሰር የአንጎል ትእዛዝ ወደ እጅና ወደ እግር የሚወርድበት መንገድ ነው። መንገዱ ሲቋረጥ ከጉዳቱ በታች ያለው ክፍል ጨርሶ አይሞትም፤ የሚገታው አጥቶ በራሱ ይሠራል። ጡንቻው ይገትራል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ እግሩ ይፈናጠራል። ይህን አይተው «ሊራመድ ነው» የሚሉ አሉ፤ «መንፈስ ነው» የሚሉም አሉ። ሁለቱም አይደለም። ነገሩ በድንገት ሲብስ ግን የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የመኝታ ቁስል ሊሆን ይችላልና ለሐኪም ቶሎ ይነገር።

ባክሎፌን የተባለው መድኃኒት ይረዳል፤ ነገር ግን እንቅልፍና ድካም ያመጣል። ንዝረት ከመድኃኒት ውጭ ከሚሞከሩት አንዱ ነው። ሀግባርትና ኤክሉንድ የተባሉ ስዊድናውያን በ1966 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ጡንቻ ሲነዘር እርሱ ይኮማተራል፣ ተቃራኒው ጡንቻ ግን ይላላል። በ2009 ደግሞ በማያሚ፣ ጥቂት ሕሙማን በሚነዝር መደብ ላይ በሳምንት 3 ቀን ለ4 ሳምንት ቆመው የጭናቸው ግትርነት ቀንሶ ታይቷል።

ሆኖም ንዝረት የተቆረጠውን አይቀጥልም። እፎይታው የሰዓታት ወይም የቀናት ነው፤ ጥናቶቹም ትንንሽ ናቸው። ደግሞም ግትርነት ሁሉ ጠላት አይደለም፤ በእርሱ ተደግፎ የሚቆም ሰው አለ።

የማሳጅ መሣሪያ ከገበያ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትሞክሩ። ከጉዳቱ በታች ያለው አጥንት ይሳሳል፣ በቀላሉም ይሰበራል፤ የማይሰማ ቆዳ ቢጎዳ አይናገርም። በእግሩ ሥር ደም የረጋበት ሰው ጨርሶ አይንካው። ጉዳቱ ከደረት አጋማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነም የደም ግፊት በድንገት ሊወጣ ይችላል፤ ራስ ምታትና ላብ ምልክቶቹ ናቸው።

በራዓናና የሚገኘው የቤት ሌዊንሽታይን ሆስፒታል ለሕብለ ሰረሰር ሕሙማን የተለየ ክፍል አለው። ሕሙማን ራሳቸውን የመርዳት አቅማቸው የሚለካበት፣ በብዙ አገር የሚሠራበት መመዘኛ በ1997 ከዚያ የወጣ ነው። መጀመሪያ ግን የኩፓት ሖሊም ሐኪማችሁን ጠይቁ። የልጅ ልጅን ለሽንትና ለቁስል ነገር አስተርጓሚ ማድረግ ለእርሱም ለእናንተም አይመችም፤ ሌላ አስተርጓሚ ይፈለግላችሁ።

ንዝረቱ ቢያሳርፋችሁም ባክሎፌኑን በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ፤ በድንገት ሲተው ግትርነቱ ብሶ ይመለሳል፣ የሚጥል በሽታም ሊያስነሣ ይችላል።