ያለ አፈር የሚያፈራ ስኳር ድንች
ስኳር ድንች በተፈጥሮው ሥሩን በምድር ውስጥ ሰውሮ የሚያወፍር ተክል ሆኖ ሳለ፣ በአሜሪካ አላባማ ያለው የቱስኪጊ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ለጠፈር ተጓዦች ሲሳይ ይሆን ዘንድ ከናሳ ጋር ተባብረው፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያለ አንዳች አፈር፣ ማዕድን በተዋሐደበት ስስ የውኃ ፍሰት ብቻ ሊያበቅሉት መቻላቸው እጅግ የሚደነቅ ነው።

ውኃው በዘቅዛቃ ገንዳ በቀስታ እየፈሰሰና ተመልሶ እየተቀዳ ተክሉን ይመግባል፤ ሥር ግን አየርም ይሻልና፣ በጥልቅ ውኃ ሰጥሞ የቀረ እንደ ሆነ መወፈሩ ቀርቶ ይበሰብሳል። ናይትሮጅን ሲበዛም ሐረጉ ይለመልማል እንጂ ሥሩ አይፋፋም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚስበው የቅጠሉ ነገር ነው፤ ለጋው ጫፍ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላልና፣ ሥሩ እስኪደርስ በሚቈጠሩት ወራት ገበታው ያለ አትክልት አይቀርም። ሆኖም ስኳሩን ሠርቶ ወደ ሥር የሚያወርደው ይኸው ቅጠል ስለ ሆነ፣ አትክልተኛው ጫፉን ብቻ በመጠን እየቀነጠበ የቀረውን ለሥሩ ሊተውለት ይገባል።