የዪቲ መንገድና የእኛ ዘፈን፦ ሙዚቃሽን ከመኪናው ስፒከር ለማስወጣት ማወቅ ያለብሽ

ከሙስካት ወደ ዪቲ የሚወስደው መንገድ ረጅም አይደለም። ከሩዊና ከዋዲ ከቢር በኩል ተነስቶ በድንጋያማዎቹ ተራሮች መካከል እየተጠማዘዘ ወጥቶ ይወርዳል፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ባሕሩ ዳር ያደርሳል። አርብና ቅዳሜ ብዙ ቤተሰብ ምሳውን ቋጥሮ፣ ልጆቹን ጭኖ ወደዚያ ይወርዳል። አንቺም ከኋላ ወንበር፣ በልጆቹና በምግብ ሳጥኑ መካከል ነሽ። እዚያ ስትደርሺ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ልጅ ማጠብ፣ ሳህን መሰብሰብ ይጠብቅሻል። መንገዱ ላይ ግን እጅሽ ያርፋል። በሳምንቱ ውስጥ ተቀምጠሽ በመስኮት የምታዪበት ሰዓት ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል።

በዚያ ሰዓት አንድ የአማርኛ ዘፈን ቢሰማ ምን ያህል ድካም እንደሚያወርድ ለአንቺ መንገር አያስፈልግም። በዕረፍት ቀንሽ ከእህቶችሽ ጋር አዋጥታችሁ መኪና የምትኮናተሩም ከሆነ ጥያቄው ያው ነው፦ በእጃችን ያለውን ዘፈን እንዴት አድርገን በመኪናው ስፒከር እናሰማ? ነገሩ ቀላል ነው። ነገር ግን ሳያውቁ ከነኩት ምስጢርሽን አደባባይ የሚያወጣ፣ አለዚያም በሰው መኪና ላይ ጉዳት አደረሰች የሚያሰኝ ነገር አለበት።

መጀመሪያ ፈቃድ

መኪናው የቤቱ ከሆነ ሳትጠይቂ ምንም ገመድ አትሰኪ። «ሙምኪን?» ብሎ ገመዱን ማሳየት ይበቃል። ሹፌሩንም ጠይቂው፤ መኪናው ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ ተጠያቂው እሱ ነውና። ቃሉን የማይረዱት ዘፈን የሚያሳስባቸው ቤተሰቦች አሉ። ለእነሱ በመሣሪያ ብቻ በተቀነባበረ ሙዚቃ መጀመር ብልህነት ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ አማርኛ የማያውቀውን ሁሉ አስደስቷል፤ የማዳምንም ጆሮ አያስቀይምም።

መኪናው ምን ዓይነት ቴፕ አለው?

የቴፑን ፊት እዪ። እንደ ጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ካለ እሱ «ኦክስ» የሚባለው ነው። አንዳንድ ጊዜ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ባለው ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። በሁለቱም ጫፍ 3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ ያለው ገመድ ገዝተሽ አንዱን በማጫወቻሽ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፣ ሌላውን በመኪናው ትሰኪያለሽ። ከዚያ በቴፑ ላይ «ኦክስ» የሚለው ይመረጣል። በቃ።

ቀዳዳው ከሌለና መኪናው አሮጌ ሆኖ ካሴት የሚያጫውት ከሆነ፣ በካሴት ቅርጽ የተሠራ ከጎኑ ገመድ የወጣለት አስማሚ አለ። በውስጡ ክር የለውም፤ ድምፁን ወደ መግነጢስ ለውጦ ለቴፑ ራስ ያቀብላል፣ ቴፑም ካሴት ያነበበ ይመስለዋል።

ካሴትም ኦክስም ከሌለ የኤፍኤም ማስተላለፊያ አለ። ይህ ሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ዘፈኑን እንደ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ይልካል፤ የመኪናው ሬዲዮ በዚያው ቁጥር ላይ ይከፈታል። ቁጥሩ ባዶ መሆን አለበት። በሙስካት 95.9 እና 104.8 ጣቢያ ያለባቸው ናቸውና እነሱን አትምረጪ። ከተማው ውስጥ ባዶ የነበረው ቁጥር ተራራውን ስታልፉ ሌላ ጣቢያ ሊገባበት ይችላል፤ ሁለተኛ ቁጥር አዘጋጂ።

የፍላሽ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ማጫወቻም አያስፈልግም። ዘፈን በተጫነ ፍላሽ ብቻ ይሠራል። ብዙ መኪኖች የሚያነቡት ኤምፒስሪ የሆነ ፋይልንና «ፋት 32» በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽን ነው። ፍላሹ በስልክ ተከፍቶ በመኪናው ካልተከፈተ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የዘፈኑ ስም በአማርኛ ፊደል ከተጻፈ ብዙ ቴፖች አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ያሳያሉ፤ ስለዚህ ዘፈኖቹን 01፣ 02፣ 03 እያልሽ በቁጥር ሰይሚያቸው። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የአምስት ደቂቃ ዘፈን አምስት ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ 1,500 ያህል ዘፈን ይችላል። በተራሮቹ መካከል ኔትወርክ ቢጠፋም አያቋርጥም።

ብሉቱዝ ከማብራትሽ በፊት አስቢ

በአዳዲሶቹ መኪኖች ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ብሉቱዝ ነው። ገመድ የለውም፣ ቀላል ነው። አንቺ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። ስልክሽ ከመኪናው ጋር ሲገናኝ «ስም ዝርዝርሽንና የጥሪ ታሪክሽን ላጋራ?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካልሽ የእናትሽ፣ የጓደኛሽ፣ የኤጀንሲው፣ የኤምባሲው ቁጥር ሁሉ ወደ መኪናው ይገለበጣል፤ በማግሥቱ አንቺ በሌለሽበት በመኪናው ስክሪን ላይ ሊታይ ይችላል። በመንገድ ላይ ከተደወለልሽ ደግሞ የደዋዩ ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ጥሪው ከተነሣም ድምፁ በስፒከሩ ለሁሉም ይሰማል። አንዳንድ መኪና የገባውን መልእክት ጮክ ብሎ ያነባል። ስለ ደመወዝሽ ከእህትሽ ጋር የምትነጋገሪው ነገር የአንቺ ጉዳይ ነው፤ ጋቢና ላይ መሰማት የለበትም።

በብሉቱዝ መጠቀም ግድ ከሆነ እንዲህ አድርጊ። አንደኛ፣ ስም ዝርዝር ላጋራ ሲልሽ እንቢ በይ፤ ዘፈኑ ያለዚያም ይሠራል። ሁለተኛ፣ ዘፈኖቹን አስቀድመሽ ስልክሽ ላይ ጫኚ፣ ከዚያ ስልኩን በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርገሽ ብሉቱዙን ብቻ መልሰሽ ክፈቺ። ዘፈኑ ይጫወታል፣ ጥሪ ግን አይገባም። ስትወርጂ መልሰሽ ማጥፋት አትርሺ፤ የሚፈልግሽ ሰው ሊያጣሽ አይገባም። ሦስተኛ፣ ስትጨርሺ የመኪናውን ስም ከስልክሽ፣ የስልክሽንም ስም ከመኪናው ዝርዝር አጥፊ። ስልክሽን በገመድ በፍላሹ ቀዳዳ ስትሰኪም «ቻርጅ ብቻ» የሚለውን ምረጪ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው ግን ትንሿ አሮጌ ማጫወቻ ናት። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፖድ በ2022 ማምረቱ ቢቆምም፣ በእሱ አምሳል የተሠሩ ርካሽ ኤምፒስሪ ማጫወቻዎች አሁንም ይሸጣሉ። ሲም የላትም፣ ስም ዝርዝር የላትም፣ መልእክት አይገባባትም። ከዘፈን በቀር ምስጢር የላትም። ሌላ ሰው እጅ ብትገባም የሚነበብባት ነገር የለም።

ሲያፏጭና ሲንሻጠጥ

ድምፁ እየተሰነጣጠቀ ከመጣ የማጫወቻሽ ድምፅ እስከ መጨረሻ ተከፍቷል ማለት ነው። ማጫወቻውን ከመቶ ሰማንያ ያህል ላይ አቁሚና ቀሪውን በመኪናው ቁልፍ ጨምሪ። ሞተሩ ጉልበት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር የማፏጨት ድምፅ ከተሰማ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ማጫወቻው ኦክስም ቻርጀርም ላይ በአንድ ጊዜ መሰካቱ ነው። ቻርጀሩን ንቀዪው፣ ይጠፋል። ከአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ ከሆነ ገመዱ እስከ መጨረሻ አልገባም፣ ወይም ከጫፉ ተበጥሷል።

ሙቀቱንም አስቢ። አብዛኞቹ አምራቾች ዕቃቸው ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ እንዳይቀመጥ ያስጠነቅቃሉ፤ በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ባትሪው ያብጣል፣ አልፎም ሊቀጣጠል ይችላል። ባሕሩ ዳር ስትወርጂ ማጫወቻሽን ይዘሽ ውረጂ። ዘፈን መምረጥም የሹፌሩ ሥራ አይደለም፤ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ዓይኑ ከፊቱ መነሣት የለበትም። ሁሉን ከመነሣታችሁ በፊት ጨርሺ።

ለወንድምሽ መኪና ቴፕ ልትልኪ ካሰብሽ

የቤቱን መኪና ሽቦ ፈጽሞ አትንኪ። አገር ቤት መኪና የሚነዳ ወንድም ወይም ባል ካለሽ ግን ከዚህ ቴፕ ገዝተሽ መላክሽ አይቀርምና ይህን ንገሪው። ከመግዛትሽ በፊት የመኪናው ኤሌክትሪክ ስንት ቮልት እንደሆነ ጠይቂ። የቤት መኪናና ሚኒባስ 12 ቮልት ናቸው፤ ብዙ የጭነት መኪኖች ግን 24 ናቸው። የ12 ቮልት ቴፕ በ24 ላይ ቢቀጠል ይቃጠላል፣ ያንቺም ገንዘብ አብሮ ይሄዳል።

በተለመደው አሠራር ከቴፑ የሚወጣው ቢጫ ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል የሚያገኝ ሲሆን ሰዓቱንና የተመዘገቡትን ጣቢያዎች ይጠብቃል። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ ነው። ጥቁሩ ወደ መኪናው አካል የሚታሰር ነው። ቢጫና ቀዩ ከተለዋወጡ ቁልፉ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋል፤ ሁለቱም በቀጥታ ከባትሪው ከተቀጠሉ ደግሞ ቴፑ ሳይጠፋ አድሮ ጠዋት መኪናው አልነሣ ሊል ይችላል። ለስፒከሮቹ ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ ነው፤ ጥቁር መስመር ያለበት ጓደኛቸው አሉታዊው ነው። በመኪናው በኩል ያሉት ቀለሞች ግን ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ለመኪናው ሞዴል የተሠራውን መሰኪያ አብረሽ ግዢ። ያኔ ምንም ሽቦ ሳይቆረጥ ይገጠማል። የሚገጥመውም ሥራውን የሚያውቅ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይሁን፤ ሲጀምርም የባትሪውን አሉታዊ ጫፍ ይፍታ።

ቴፑን ስትልኪ አንድ ፍላሽም ጨምሪበት። ቀደም ባለው ዘመን ከዐረብ አገር ወደ ቤት ድምፅ በካሴት ይላክ ነበር፤ እናት ልጇን የምትሰማው ጎረቤት ቴፕ ከቦ ተቀምጦ ነበር። ካሴቱ ቢቀርም ነገሩ አልቀረም። ስልክሽ ላይ ድምፅሽን ቅጂና ከዘፈኖቹ መካከል አንዱ ቁጥር አድርገሽ አስገቢው። ወንድምሽ እናትሽን ጭኖ ለገበያ ሲወጣ፣ ከሦስተኛው ዘፈን ቀጥሎ «እማዬ፣ ደኅና ነኝ» ስትዪ ትስማሽ።