ክትባቱ ትምህርት ቤት፣ ልጅቷ ትዳር ላይ

ስለ ማህፀን በር ካንሰር በተወራ ቁጥር የሚወቀሰው የግንዛቤ ማነስ ነው፤ መከላከያ ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለው አሉባልታም ይነሳል። ሁለቱም አሉ። በምሥራቅ ጎጃም ግን ከሁለቱም የባሰው ሌላ ይመስለኛል፦ ክትባቱ ልጅቷን የሚጠብቃት ክፍል ውስጥ ነው፣ ብዙ ልጃገረድ ደግሞ እዚያ የለችም።

ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ በዋናነትም በትምህርት ቤት እንዲሰጥ ተወሰነ። በዓለም ገበያ እጥረት ስለነበር አንድ ዕድሜ መምረጥ ግድ ነበር። ከትምህርት ውጭ ላሉት ጤና ኬላ አለ ተባለ። ችግሩ ግን፣ የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ቢልም ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባሉ ቀበሌዎች ልጅን በ14 እና በ15 መዳር አልጠፋም። ክትባቱ ደግሞ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ልጅቷ ወንድ ከማወቋ በፊት ሲሰጥ ነው። ያኔ ክትባቱ በሁለት ዶዝ፣ በስድስት ወር ልዩነት ይሰጥ ነበር፤ በኅዳር ተከትባ በጥር የተዳረችን ልጅ ግንቦት ላይ ማን ፈልጎ ያገኛታል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. አንድ ዶዝም ይበቃል ብሏል። አገራችን በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት አንዱን ዶዝ በዘመቻ መስጠቷ ትልቅ እርምጃ ነው፤ በ9 ዓመት መድረስ ሠርጉን መቅደም ነውና። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ የሚጠብቅ ክትባት እዚያ ልጅ አያገኝም።

ክትባቱ ላመለጣት ሴት ምርመራ አለ፤ ከ30 ዓመት ጀምሮ፣ ኤችአይቪ በደሟ ካለ ከ25። ነርሷ የማህፀን በሯን ኮምጣጤ መሰል አሲድ በጥጥ ቀብታ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቦታ ከታየ፣ ለሕክምናው የሚሆን ከሆነ በዚያው ቀን በሙቀት መሣሪያ ተቃጥሎላት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሳትመረመር ቀርታ ካንሰሩ ከጸና ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፦ እየደማች ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት፣ አዲስ አበባ ላይ ቤት መከራየት፣ ወረፋ፣ የተሸጠ በሬ። የምትሞተውም ልጆቿን ገና ያላደረሰች እናት ናት።

ስለዚህ ተከታቢዎቹ የሚለዩት በክፍል ስም መጥሪያ ሳይሆን በቤት መዝገብ መሆን አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤተሰብ ፎልደሯ የእያንዳንዱን ቤት ልጅ ስምና ዕድሜ ይዛለች፤ ያገባችውም፣ ከብት የምትጠብቀውም እዚያ አለች።