ፊደል ሲዘበራረቅ አእምሮ እንዴት ያነባል?

ዓይን ፊደላትን አንድ በአንድ እየቆጠረ አያነብም፤ በቃል ላይ ለሩብ ሰከንድ ያህል ዐርፎ ወደሚቀጥለው ሲዘል፣ አእምሮ ብዙዎቹን ፊደላት በአንድነት ተቀብሎ ከሚያውቃቸው ቃላት ጋር ያመሳክራል። ግርሃም ራውሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ለኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት፣ የቃሉ ዳርና ዳር ፊደላት ካልተነኩ የመካከለኞቹ መዘበራረቅ የእንግሊዝኛን አንባቢ ብዙም እንደማያግደው አሳይተዋል።

ይህ ግን በሁሉም ጽሕፈት እኩል አይሠራም፤ ለዚህም ነቀምቴና ጉቴን የመሰሉ የወለጋ ከተሞች፣ አንድ ሰው ኦሮምኛን በላቲኑ ፊደል በቁቤ፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል የሚያነብባቸው በመሆናቸው፣ ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሲሆን፣ ቁቤ በይፋ የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ቁቤ ተነባቢንና አናባቢን ለየብቻ ስለሚጽፍ፣ የድምፅን ርዝመትና ጥብቀትም ፊደል በመድገም ስለሚያመለክት፣ ቃሉ ረዝሞ ብዙ መካከለኛ ፊደላት ይኖሩታል። በግዕዝ ፊደል ግን ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ምልክት ስለሚጣመሩ ቃሉ ያጥራል፣ እያንዳንዱ ፊደልም ብዙ ይሸከማል። «አስተማሪዎች» «አተስማሪዎች» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ በቀላሉ ያቃናዋል፤ «ቀረበች» ከሚለው ቃል ሁለቱ የመካከል ፊደላት ቦታ ሲለዋወጡ ግን «ቀበረች» ይሆናል፤ አእምሮም ስሕተት መኖሩን የሚጠረጥርበት ምክንያት አያገኝም። አማርኛንና ዕብራይስጥን የመሰሉ የሴማውያን ቋንቋዎች ግሥ የሚቆመው በሥርወ ተነባቢዎች ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ ሐዳስ ቬላንና ራም ፍሮስትም እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የተዘበራረቀ ፊደል ዕብራይስጥ ማንበብን እንግሊዝኛ ከማንበብ ይበልጥ እንደሚያደናቅፍ አረጋግጠዋል።