ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በስድስት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና አስደንጋጭ ውጤት ይዞ መጣ፤ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት ሲመላለሱ የከረሙ ናቸው። ጥፋቱን በልጆች ስንፍና ወይም በወላጅ ቸልተኝነት ማሳበብ ይቀናናል፤ የመጽሐፍ እጥረትና የክፍል መጣበብም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለ ንባብ የተደረጉት ምርምሮች ግን ብዙ ጊዜ ወደምንዘነጋው ምክንያት ያመለክታሉ፤ እሱም የማስተማሪያ መንገዱ ነው። ፊደል ካስቆጠርን ንባቡ በራሱ ጊዜ ይከተላል ብለን እናምናለን። አይከተልም።

ሕፃን ልጅ መናገርን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው ከሚሰማው ይለምዳል። ጽሑፍ ግን ከተፈጠረ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ አንጎላችን ለንባብ ብቻ የተሠራ ክፍል ይዞ እንዲወለድ ይህ ጊዜ አይበቃም። ፈረንሳዊው የአንጎል ተመራማሪ ስታኒስላስ ደሃን እንደሚያስረዳው፣ ማንበብ ስንማር በግራው የአንጎላችን ክፍል ከኋላ በኩል ፊትንና ዕቃን በመለየት ሥራ ላይ የነበረ አካባቢ የፊደል ቅርጾችን የመለየት አዲስ ሥራ ይይዛል፤ ንግግርን ከሚያስተናግዱ ክፍሎች ጋርም ይተሳሰራል። ትስስሩ የሚጠነክረው ቅርጽና ድምፅ በግልጽ፣ በቅደም ተከተልና በድግግሞሽ ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ንባብ ልጁ ሲያድግ የሚደርስበት ነገር ሳይሆን መምህሩ እርምጃ በእርምጃ የሚያስጨብጠው ሙያ ነው።

«የእኛ ፊደል ብዛቱ ራሱ ሸክም ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ሏና ቧ ያሉት ደግሞ በላዩ ይጨመራሉ። ሆኖም በኤርትራ በ385 የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የተገላቢጦሹን አግኝቷል። በግዕዝ ፊደል ትግርኛና ትግረ የተማሩት ልጆች፣ ፊደላቸው ብዙ ቢሆንም፣ በላቲን ፊደል ከሚማሩት ይልቅ ንባቡ ቀሏቸዋል። ምክንያቱ ለሕፃን ጆሮ «ሰ» እና «ላ» የሚሉ ድምፆችን መለየት፣ ብቻውን የቆመ ተነባቢ ከመለየት ስለሚቀል ነው። ከዚያም በላይ ፊደላችን ሥርዓት አለው። በሉ፣ በቡ፣ በሱና በኩ ከጎን የምትቀጠለዋ ጭረት አንድ ናት፤ በላ፣ በባ፣ በሳና በካ ቀኝ እግሩ ይረዝማል። ልጁ ይህን ቢያውቅ ያላጠናውን ፊደል እንኳ ገምቶ ያነባል። እንደ ሩ እና ፉ ያሉት አፈንጋጮች፣ እንዲሁም ወጥ ቅርጽ የሌለው ሳድስ፣ ለብቻቸው ጊዜ ይሰጣቸው።

«አባቶቻችን ፊደል ቆጥረው አይደለም ወይ የተማሩት?» የሚለው ጥያቄ ክብደት ያለው ነው፤ መልሱም የሚገኘው እዚያው የቄስ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የኔታ ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቆጥሩ ነበር፤ የፊደሉ ተራ ሲዛባ ልጁ ቅርጹን ለይቶ ያውቅ ወይም ዜማውን ብቻ ይዞ ይሮጥ እንደሆነ ይገለጣል። ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎም ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ ፊደል በፊደል በሚለቀመው «ቁጥር» የጀመረው ንባብ በ«ውርድ» አልፎ ወደ ቀልጣፋው «ቁም ንባብ» ይደርሳል። በዚህ ሁሉ እርከን የኔታ የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ ለየብቻ እያደመጡ ያርሙ ነበር። ዛሬ በብዙ ክፍሎች ከዚህ ሁሉ የቀረው የመጀመሪያው እርከን ብቻ ነው፤ መምህሩ ገበታውን ይጠቁማል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያስተጋባል። ሳይለይ የሚያስተጋባውን ልጅ ደግሞ የጓደኞቹ ድምፅ ይሸፍነዋል።

የተሻለው መንገድ ገበታው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ቃል ማስነበብ ነው። የለ፣ የበና የሰ ቤተሰብ ብቻ የታወቁለት ልጅ ላባ፣ በላ፣ ሳል፣ ልብስ ብሎ ማንበብ ይችላል። «ልብስ» ላይ ደግሞ ትልቅ ትምህርት ያገኛል፤ ሦስቱም ሳድስ ሆነው ሳለ ል አናባቢ አላት፣ ብ እና ስ ግን የላቸውም። ይህን ገበታው አይነግረውም። ያነበበውን በእጁ ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባሉ የፈረንሳይ ሕፃናት ላይ የታተመ ጥናት፣ በተለይ ከፍ ያሉት ልጆች በእጃቸው የጻፉትን ፊደል በቁልፍ ሰሌዳ ከተየቡት አብልጠው እንደሚለዩ አሳይቷል። መጻፍ እንግዲህ የንባብ ማጠናከሪያ ነው፤ ለኋላ የሚቆይ አይደለም።

«ይህ ሁሉ ድግግሞሽ የልጁን ፍላጎት ይገድላል፤ በተረት ይጀመር» የሚል ተቃውሞም ይነሳል። ተረቱ የግድ ያስፈልጋል። ጎፍ እና ተንመር የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስቀመጡት፣ አንብቦ መረዳት ቃልን የመፍታትና ቋንቋን የመረዳት ችሎታ ብዜት ነው፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። አማርኛ ደግሞ ትርጉምን ይፈልጋል፤ መጥበቅና መላላት በጽሑፍ ስለማይታይ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት መሆኑን የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ መምህሩ በየቀኑ ተረት ያንብብ፣ ቃላት ያበልጽግ፣ ይጠይቅ። የማይናገረውን ቋንቋ እንዲያነብ የሚገደድ ልጅ ድምፅ እያወጣ ትርጉም ያጣል፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን መደገፉ ለዚህ በጅቷል። ይሁን እንጂ ተረት መስማት ብቻውን ፊደል አያስፈታም። ቃል በቃል እየታገለ የሚያነብ ልጅም ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳል፤ ድግግሞሹ የሚያስፈልገው አእምሮው ከመታገል ተላቅቆ ለትርጉሙ እንዲተርፍ ነው።

በተጣበበ ክፍል ይህ ይቻላል? የትምህርቱን ቅደም ተከተል መለወጥ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህሩ በቀን ጥቂት ልጆችን ለየብቻ ቢያደምጥ በሳምንታት ውስጥ ሁሉንም ያዳርሳል፤ ማን የት እንደተሰናከለም ያውቃል። ወላጅም ልጁን ሀሁ በል ብሎ ከመፈተን ይልቅ አይቶት የማያውቀውን አጭር ጽሑፍ ይስጠው፤ ካነበበ በኋላም ምን እንደሚል ይጠይቀው። ትምህርት ቤቶቻችንም የአንደኛ ክፍልን ስኬት በዚህ ይለኩ፤ ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ትምህርቱ ገና አልተሰጠውምና፣ ወደ ሁለተኛ ክፍል ከመሻገሩ በፊት ሊሰጠው ይገባል።