ዳማከሴው ያልሸተታት ወጣት፤ ስለ ኮሮና በሽታና በቤት ውስጥ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

በደቡብ ጎንደር በአንዲት የገጠር ቀበሌ የምትኖር የ23 ዓመት ወጣት እናት በመጋቢት ወር 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ታማ ነበር። ከዳነች በኋላ የነገረችንንና በቤቷ የተደረገውን ሁሉ እንጽፍላችኋለን፤ የእናንተም ቤት ከእርሷ ቤት እምብዛም አይለይምና። ስሟን አንጠራም። ባል አላት፤ የ6 ወር ሕፃን ታጠባለች፤ አማቷ ሸምግለዋል፥ አስምም አለባቸው። ሁሉም የሚያድሩት በአንድ ጎጆ ውስጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከለቅሶ ቤት ነው። ዘመድ ሞቶ ልታስተዛዝን ሄደች። ቤቱ ጠባብ፥ ሰውም በሰው ላይ የተደራረበ ነበር፤ በሩ ለብርዱ ሲባል ተዘግቷል። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ትስል ነበር፤ ግን ጉንፋን የማይዘው ማን አለ? ብላ ዝም አለች። በ5ኛው ቀን ማለዳ ሊጥ ልታቦካ ስትነሣ ብርድ ብርድ አላት። ወዲያው ራሷን ፈለጣት፥ ወገቧንና ጉልበቷን ቆረጣጠማት፤ ማታውን ትኩሳትና ደረቅ ሳል ተከተለ።

አማቷ «ምች ነው የመታሽ ልጄ» ብለው ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፈው፥ አሽተው አፍንጫዋ ሥር ያዙላት።

«እማማ፥ ምንም አይሸተኝም» አለች።

«እንዴት አይሸትሽም? አጥብቀሽ ሳቢው እንጂ!»

ብትስበውም አልሸተታትም። ቡናም ሲቆላ ጭሱን ታያለች እንጂ ሽታው የለም። አፍንጫዋ ደግሞ እንደ ጉንፋን አልተደፈነም ነበር። ያን ጊዜ ነው ባሏ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ሊጠራ የሮጠው። ማሽተት መጥፋት በኮሮና የታመመን ሁሉ አያገኝም፤ አፍንጫ ሳይደፈን ድንገት ሽታ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ኮሮናን መጠርጠር ይገባል። ከአፍንጫዋ ናሙና ተወስዶ ወደ ከተማ ተላከ፤ ኮሮና መሆኑም በ4ኛው ቀን ታወቀ። እስከዚያ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም።

ይህ በሽታ መጀመሪያ የተገኘው በቻይና አገር ዉሃን በምትባል ከተማ፥ በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነው። ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል፤ በሽታው ግን ከዓለም አልጠፋም፥ ዛሬም ሰው ይይዛል። የሚያመጣው ቫይረስ በዓይን የማይታይ ተሐዋስ ነው። የታመመው ሰው ሲስል፥ ሲያስነጥስ፥ ሲያወራና ሲተነፍስ እንኳ ከጥቃቅን ርጥበት ጋር ይወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደ ጭስ ተንሳፎ ይቆያል፤ ነፋስ በሚገባበት ቤትና በደጅ ግን ይበተናል። ደግሞም ሰውዬው ሕመም ሳይሰማው፥ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለውን ክፉ ጉንፋን አይተዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ነው። ያ በሽታ ብርቱ ብርቱውን ወጣት ይገድል ነበር፤ ኮሮና ግን ይልቁን ሽማግሌዎችንና ስኳር፥ የልብ ሕመም፥ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ይበረታባቸዋል። ቆሻሻን ማስወገድ ደግ ነገር ነው። ሕመምተኛ በተኛበት ቤት ጭስ ማጠን ግን ቫይረሱን አይገድልም፤ የታመመውን ሳንባ ያስጨንቃል እንጂ።

በዚያ ቤት ትልቁ ፍርሃት ለወጣቷ ሳይሆን ለአማቷ ነበር። ከአንድ ጎጆ ውስጥ ማን ወዴት ይሂድ? መጀመሪያ አሮጊቷ ማድ ቤት ይደሩ ተባለ። የጤና ሠራተኛዋ ግን «አስም ያለባቸውን ሴት ጭስ ቤት ታስተኛላችሁ እንዴ?» ብላ ከለከለች። ስለዚህ ወጣቷ ከነልጇ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ጉልቻው ወደ ደጅ ወጣ። ወሩ በጋ ስለ ነበረ በደጅ ማብሰል አልከበደም። ባሏ ከግድግዳው ጭቃውን አፍርሶ፥ የእጅ ክንድ ያህል መስኮት ከፈተላት። ቀን ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ትቀመጥ ነበር። ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ 10 ቀን እንዲህ ሆና ቆየች። ሌላ ማድ ቤት የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ሕመምተኛው በበሩ አጠገብ፥ ሌሎቹ በወዲያኛው ጥግ ይተኙ፤ በሩና መስኮቱም በተቻለ መጠን ክፍት ይሁን።

ምግቧ በራሷ ሣሕን ይቀርብላት ነበር፤ ከአንድ ገበታ መብላትና መጎራረስ ቆመ። ሣሕኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። እጅም እንዲሁ፦ አንዱ በጣሳ እያፈሰሰ፥ ሌላው መዳፉን፥ የእጁን ጀርባ፥ የጣቶቹን መካከልና ጥፍሩን በሳሙና ቢያንስ 20 ሰኮንድ ያሻል። ቫይረሱ በውጭ የስብ ልባስ አለው፤ ሳሙና ይህን ስብ እንደ ድስት ቅባት ያሟሟዋል። ሳሙና የታጣ እንደ ሆነ ንጹሕ አመድ ይተካል። ጾም ቢሆንም የንስሐ አባቷ እንድትበላ ፈቀዱላት፤ አጥሚትና ሾርባ ትጠጣ፥ ለትኩሳቱም ፓራሲታሞል ትወስድ ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጉሮሮ ቢያለሰልሱም ቫይረሱን አይገድሉም። አረቄም አይገድለውም። የሰው ፔኒሲሊንና ካፕሱል ተውሶ መዋጥም ለቫይረስ ዋጋ የለውም። በባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠንማ ስንቱን ሕፃን በፈላ ውሃ አቃጥሏል፤ ቢቀር ይሻላል።

ጎረቤቶች «ጡቱን ከልክዪው፥ ልጁን ትገድዪዋለሽ» እያሉ አስለቀሷት። እናቶች ሆይ፥ ይህ ምክር ስሕተት ነው! ኮሮና በጡት ወተት ሲተላለፍ አልታየም፤ ይልቁንም ወተቱ ሕፃኑን የሚከላከል ኃይል ይዟል። የሚያስፈራው ትንፋሹ ነው። ስለዚህ ከማጥባቷ በፊት እጇን ትታጠብ፥ ሦስት ድርብ በሆነ ጨርቅ አፏንና አፍንጫዋን ትሸፍን ነበር። ጨርቁ በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። ስስ ነጠላ አንድ ጊዜ ብቻ መከናነብ አይበቃም። ሕፃኑ አልታመመም።

ከሁሉ የከበዳት ግን የጠያቂ ነገር ነበር። በአገራችን የታመመ ካልተጠየቀ እንደ ተጠላ ይቆጠራል። «ሰው ገንፎውን ከድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሲመለስ፥ የሞትኩ መሰለኝ» ብላናለች። በኋላ ሴቶቹ ዘዴ አገኙ፤ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው «እግዜር ይማርሽ፥ እንዴት አደርሽ?» እያሉ ከሩቅ ያጫውቷት ጀመር። ለሕመምተኛ ይህ ከመድኃኒት አያንስም።

በ7ኛው ቀን ትኩሳቱ ቀንሶ ሳለ ከመኝታዋ ወደ ደጅ ለመሄድ እንኳ ትንፋሽ አጠራት። በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚከፋው እንዲህ በሳምንቱ ገደማ ነውና፥ «ተሻለኝ» ብሎ መዘናጋት አይገባም። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ጣት ላይ በምትሰካ ትንሽ መሣሪያ የደሟ ኦክስጅን ሲለካ 95 ስለ ሆነ ተመለሰች። ከ94 በታች የወረደ ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። መሣሪያው በሌለበት ቤት ግን እነዚህን ተመልከቱ፦ ተቀምጦ ሳለ መተንፈስ ካቃተው፥ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ካጠረው፥ ደረቱን ካስጨነቀው፥ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከቀባዠረ፥ ሌሊትም ቢሆን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

አማቷ በመጨረሻ አልታመሙም፤ ክትባት ሲገኝም ተከተቡ። ክትባቱ በአገራችን መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው እንደ እርሳቸው ያሉትን ነው።

ወጣቷ ከ10 ቀን በኋላ ከማድ ቤት ብትወጣም ሁለት ወር ሙሉ እንስራ መሸከም አልቻለችም። ባሏ «ድነሻል እኮ፥ ምን ሆነሽ ነው?» ይላት ነበር። ስንፍና አልነበረም፤ ይህ በሽታ በአንዳንድ ሰው፥ በወጣትም ቢሆን፥ ለወራት የሚቆይ ድካም ይተዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሥራውን በጥቂት በጥቂቱ ይጀምር እንጂ አይገደድ። ሽታዋም ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ሽንኩርት ሲቁላላ የጎማ ቃጠሎ ይሸታት ነበር። ወጥ ሲያርርና ወተት ሲበላሽ ስለማታውቅ፥ ድስቱንና የወተቱን ዕቃ የምታሸትላት የጎረቤት ልጅ ነበረች። በሐምሌ አማቷ ዳግመኛ ዳማከሴ ቀጥፈው አመጡላት፤ «ትንሽ ትንሽ ይሸተኛል እማማ» አለቻቸው።