አዋጅ ቁጥር 1156 ከአሠሪው የሚጠይቀው

በኢትዮጵያ የግል ድርጅቶችንና የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን የሥራ ግንኙነት የሚገዛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ሲሆን፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየውን አዋጅ ቁጥር 377 ከነማሻሻያዎቹ ሽሮ በቦታው ተተክቷል። ሁለቱ አዋጆች ጎን ለጎን ሲነበቡ አንዳንዱ ለውጥ ለሠራተኛው፣ አንዳንዱ ደግሞ ለአሠሪው ያጋደለ ሆኖ ይገኛል፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ግን አሠሪው መብቱን ማስከበር የሚችለው በጊዜው ጽፎ ባስቀመጠው ልክ መሆኑ ነው።

ይህ ከቅጥር ይጀምራል። የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ ይችላል፤ ሆኖም በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና ሌሎቹን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ፣ ማለትም ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ መሆኑ የሚመዘንበትና ካልሆነም ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ሊሰናበት የሚችልበት ወቅት፣ ቀድሞ ከ45 ተከታታይ ቀናት የማይበልጥ የነበረ ሲሆን፣ አሁን እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊረዝም ይችላል፤ በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራበት ቦታ ይህ አሥር ሳምንት ያህል ነው። ለአሠሪው የተሰጠው ይህ ሰፊ ጊዜ ግን በጽሑፍ በተደረገ ስምምነት ላይ የተመሠረተ ነው።

የሥራ ሰዓትን በተመለከተ የቀድሞው ሕግ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በተደጋጋሚ የሚያረፍድ ሠራተኛ እንደሚሰናበት ቢደነግግም፣ ተደጋጋሚ የሚባለው ስንት ጊዜ እንደሆነ አይናገርም ነበር። በአሁኑ አዋጅ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ወይም በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ወዲያውኑ ሊሰናበት ይችላል። ቁጥሩ በግልጽ መቀመጡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመግቢያ ሰዓት መቆጣጠሪያ የማይዝና በቃል ብቻ የሚቆጣ አሠሪ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ከዚህም በላይ የስንብቱን ምክንያት ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱ ይቀራል፤ ስለዚህ ጥፋትን አቆይቶ በኋላ ቂም መወጫ ማድረግ አይቻልም።

የዓመት ፈቃድ ለውጥ ሲሰላ ያልተጠበቀ ውጤት ይሰጣል። ቀድሞ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 14 የሥራ ቀናት ተሰጥቶ በየተጨማሪው ዓመት አንድ ቀን ይታከል ነበር፤ አሁን መነሻው 16 የሥራ ቀናት ሆኖ አንድ ቀን የሚታከለው በየሁለት ዓመቱ ነው። በመሆኑም በአምስተኛው ዓመት ሁለቱም ስሌቶች 18 ቀን ላይ ይገናኛሉ፤ በአሥራ አንደኛው ዓመት ግን የቀድሞው 24፣ የአሁኑ 21 ቀን ይሰጣል። ጀማሪውን የጠቀመው ሕግ ለነባሩ ሠራተኛ እንደቀድሞው ለጋስ አይደለም።

የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ እርሱም ከመደበኛው የሥራ ሰዓት በላይ የሚሠራው፣ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወስኗል። ክፍያውም አድጓል፤ የመደበኛ ሰዓት ክፍያው 50 ብር የሆነ ሠራተኛ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በሰዓት 75 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 87 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 100፣ በሕዝብ በዓል ቀን 125 ብር ሊከፈለው ይገባል።

የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ተከታታይ ቀናት ከፍ ብሏል፤ 30 ቀኑ ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀኑ ከወሊድ በኋላ የሚወሰድ ሲሆን፣ አባትም ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያገኛል። ይሁን እንጂ የእናቲቱን የአራት ወር ደመወዝ የሚሸፍነው የመድን ተቋም ሳይሆን አሠሪው ራሱ በመሆኑ፣ በጾታ ማዳላት የተከለከለ ቢሆንም፣ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ያሉት ድርጅት ወጣት ሴቶችን ከመቅጠር እንዲያመነታ የሚገፋፋ ክፍተት በሕጉ ውስጥ ቀርቷል።

አዋጁ ያለፈቃድ በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ለወሲብ መገፋፋትን ወሲባዊ ትንኮሳ፣ ይህ በኃይል ወይም በኃይል ሙከራ ሲታጀብ ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት ብሎ ተርጉሞ ሁለቱንም ከልክሏል። በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው እንዲህ ያለ በደል የደረሰበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለቆ ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ የማግኘት መብት አለው። አሠሪውም ድርጊቱ ሲነገረው ዝም ካለ ከኃላፊነት አያመልጥም።

ስለ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አዋጁ የወለሉን የብር መጠን ራሱ አልወሰነም፤ የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ ሥልጣንና ኃላፊነት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ደንግጓል። በየቤቱ የተቀጠሩ የቤት ሠራተኞች ደግሞ ከአዋጁ ወሰን ውጭ ስለሆኑ፣ ከላይ የተዘረዘሩት የፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓትና የስንብት ድንጋጌዎች ለእነርሱ አይደርሱም።